የግቢ ሳር፦ ስፕሪንግ ላይ እንዲያምር ፎል ላይ ምን እንሥራ? (ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና አካባቢው)

አዲስ_ቤት_ሲልቨርስፕሪንግ | ሴፕቴምበር 4

ሰላም ለሁላችሁም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ከገዛን ገና ዓመት አልሞላንም። የፊት ለፊቱ ሳር ጁላይ ላይ በሙቀቱ ጠውልጎ አሁን ግማሹ ቡናማ ሆኗል። የቀረውን አረም ወርሶታል። አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ሲደርቅ ዶማ አያስገባም።

ጎረቤቶቼ «ስፕሪንግ ላይ ዘር በትኚበት፣ ይበቅላል» ይሉኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «አሁን ካልሠራሽው ዓመቱ አለፈሽ» አለኝ። የማንን ልስማ? ባለሙያ ጠርተን ዋጋ ጠይቀን ነበር፣ አልቻልነውም። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ በራሳችን ልንሠራው ነው። ከምን እንጀምር? ሳሩ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ አናውቅም።

ጋሽ_አትክልት | ሴፕቴምበር 4

ልጄ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ባልደረባሽ ልክ ነው። እኔ እዚህ አካባቢ የሰው ግቢ ስንከባከብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ስለዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልም።

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በየቤቱ ደጃፍ የምታይው ሳር አብዛኛው ቶል ፌስኪው ነው። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ በክምር በክምር የሚበቅል። ይህ ሳር ብርድ ይወዳል። በሰመር ሙቀት ያንቀላፋል እንጂ ሁሉም አይሞትም፤ ያንቺ ቡናማ ከሆነው ውስጥም ዝናብ ሲያገኝ የሚያገግም ይኖራል። ሴፕቴምበር ላይ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አፈሩ ግን የሰመርን ሙቀት እንደያዘ ነው። ዘር የሚወደው ይህንን ነው። ውኃ ካገኘ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ብቅ ይላል፣ ከዚያ አፈሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሥሩን ያወርዳል።

ስፕሪንግ ላይ ብትዘሪው ይበቅላል፤ ጎረቤቶችሽ አልዋሹም። ግን ሥሩ ሳይጠልቅ የጁላይ ፀሐይ ይደርስበታል። ክራብግራስ የሚባለው አረም የሚነሣውም ያኔ ነው፣ አብሮት ይሻማዋል።

ቀኑን እኔ በሀገራችን በዓላት ነው የምይዘው። ዘር ከዕንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ቢበተን ከሁሉ ይሻላል። የመጨረሻው ገደብ ጥቅምት 5፣ አቦ ነው፤ በፈረንጁ ኦክቶበር 15። ከዚያ በኋላ የተዘራ ብርድ ሳይጠነክር ይደርስበታል። ማዳበሪያ ደግሞ ከኅዳር 6 ቁስቋም በፊት ብቻ። ያ ኖቬምበር 15 ነው፣ ለዚህኛው ሕግም አለው፤ ጊዜው ሲደርስ እንነጋገርበታለን። (ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት በዓላቱ በአንድ ቀን ገፋ ይላሉ፤ የሕጉ ቀን ግን አይገፋም።)

አዲስ_ቤት_ሲልቨርስፕሪንግ | ሴፕቴምበር 5

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በበዓላቱ ስለነገሩኝ አልረሳውም። የሥራውን ቅደም ተከተልም ቢነግሩኝ።

ጋሽ_አትክልት | ሴፕቴምበር 5

መጀመሪያ ሳሩን አሳጥረሽ እጨጂው፣ እስከ 2 ኢንች። ይህን ዝቅታ ለዘር ስትዘጋጂ ብቻ ነው የምትወርጂው፤ በሌላ ጊዜ ፌስኪው ከ3 እስከ 4 ኢንች መሆን አለበት። ከዚያ የሞተውን ሳር በብረት ሬክ ቧጥጠሽ አውጪው። አፈሩ ዓይንሽ ላይ እስኪታይ ድረስ። ዘር ሙት ሳር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ አይበቅልም፣ ቢበቅልም ሥሩ አየር ላይ ይቀራል። ሰው ሁሉ ስለ ዘሩ ዓይነትና ስለ ማዳበሪያው ይጨነቃል። ዘሩ ግን አፈር ካልነካ ገንዘቡ ለወፍ ቀለብ ነው የሚሆነው።

ያንቺ አፈር ሸክላ ስለሆነ ኤሬሽን፣ ማለትም በማሽን መብሳት ያስፈልገዋል። መሣሪያ አከራይ ቤቶች ማሽኑን ለግማሽ ቀን ያከራያሉ። ባለ ቀዳዳ ጥርሱን ምረጪ፤ አፈሩን ቆርጦ የሚያወጣውን ማለቴ ነው። ሹል ጥርስ ያለው ግን ይወጋል እንጂ አያወጣም፣ ሸክላውን ዙሪያውን ያጠብቀዋል። ማሽኑ ከባድ ነው፣ ባልሽ ይያዘው፣ ወይ ተጋገዙ። ከዚያ በፊት ባለው ቀን አፈሩን በደንብ አጠጪው። ደረቅ ሸክላ ላይ ማሽኑ ይዘላል እንጂ አይገባም። አፈሩ ርሶ ሳይጨቀይ ሲሆን 2 እና 3 ኢንች ርዝመት ያላቸው ቁራጭ አፈሮች እያወጣ ግቢውን ይሞላዋል። አያስቀይምሽ፣ አትልቀሚያቸው። ዝናብ ያፈርሳቸውና ተመልሰው አፈር ይሆናሉ፤ ዘሩን ያለብሱታል። በአንድ አቅጣጫ ከሄድሽ በኋላ በአግድም ድገሚው። ከመሬት በታች ስፕሪንክለር ካለ ራሶቹ ያሉበትን በትንንሽ ባንዲራ ምልክት አድርጊ።

ከዚያ ዘር፣ ከዚያ ውኃ። የዘሩን ነገር ሌላ ሰው ያስረዳሽ፤ እኔ እጄ ደክሟል።

ዘር_መራጯ | ሴፕቴምበር 6

ጋሽ አትክልት ያወሩትን ላስቀጥል። እህቴ፣ ከረጢቱ ፊት ላይ ያለውን አረንጓዴ ፎቶ እርሺው። ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። በሕግ የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት አለ። የዘሩ ዝርያ፣ ስንት ፐርሰንቱ እንደሚበቅል፣ የተፈተሸበት ቀን፣ የአረም ዘር ስንት ፐርሰንት እንዳለው ሁሉ ይጻፍበታል። የአረም ዘሩ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ካልሆነ አትግዢው። የፍተሻው ቀን የዘንድሮ ይሁን።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ዘር ያልሆነ ነገር ስንት ፐርሰንት እንደሆነም እዚያው ተጽፏል። አንዳንዱ ዘር በልባስ የተሸፈነ ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ልባስ የሆነበት አለ። ርካሽ መስሎሽ የምትገዢው ዘሩን ሳይሆን ሽፋኑን ነው።

«ኬንታኪ 31» የሚል ስም ታገኛለሽ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። በ1931 ኬንታኪ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ የተገኘ፣ በ1943 ለገበሬ የተለቀቀ የግጦሽ ሳር ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ቅጠሉ ሻካራና ሰፊ ነው፣ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ያስታውቃል። ለቤት ደጃፍ «ተርፍ ታይፕ» የሚባሉትን የቶል ፌስኪው ዝርያዎች ፈልጊ፤ ሁለት ሦስት ዝርያ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ የተሻለ።

መጠኑ፦ ሳር ባለበት ላይ ለመጨመር ለ1000 ስኩዌር ፊት ከ4 እስከ 6 ፓውንድ። መሬቱ ባዶ ከሆነ ከ6 እስከ 8። ከዚያ በላይ ማፍሰስ አይጠቅምም፤ ቡቃያው ተጨናንቆ ይቀጥናል፣ በሽታ ይይዘዋል። ግማሹን በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሹን በአግድም በትኚው። ከዚያ በሬኩ ጀርባ ቀስ ብለሽ ሳብ ሳብ አድርጊው፣ ሩብ ኢንች ያህል አፈር ይልበስ።

የአሌክሳንድሪያው | ሴፕቴምበር 6

ዘር ከመግዛታችሁ በፊት አፈር አስመርምሩ። እባካችሁ። እኛ ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች የካውንቲው ኤክስቴንሽን ቢሮ (የግብርናና የአትክልት ምክር የሚሰጠው) ትንሽ ሣጥን ይሰጠናል፣ ናሙናውን ብላክስበርግ ወዳለው የቨርጂኒያ ቴክ ቤተ ሙከራ እንልካለን። ዋጋው ከአንድ ከረጢት ማዳበሪያ ያንሳል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽንም ናሙና የሚቀበሉ ቤተ ሙከራዎችን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ከግቢው ከተለያየ ቦታ እስከ 4 ኢንች ቆፍራችሁ ትንሽ ትንሽ አፈር ውሰዱ፣ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉት፣ ከዚያ ከድብልቁ ላኩ።

ዉድብሪጅ_አባወራ | ሴፕቴምበር 7

ወንድሜ፣ ለምን ታስቸግራታለህ? የዚህ አካባቢ አፈር ያው ኮምጣጣ ነው። እኔ ኮምጣጣነቱን እንዲቀንስ በየፎሉ ኖራ እበትናለሁ፣ ምንም ሆኖ አያውቅም።

የአሌክሳንድሪያው | ሴፕቴምበር 7

ወንድሜ፣ ያንተ አፈር ኮምጣጣ ሊሆን ይችላል። የእሷ ግን መሆኑን በምን እናውቃለን? ከእሷ በፊት የነበረው ባለቤት በየዓመቱ ኖራ ሲበትን ኖሮ ቢሆንስ? ፌስኪው የሚወደው ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው) ከ6 እስከ 7 ነው። ከዚያ ካለፈ ሳሩ አፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት መውሰድ ያቅተዋል፣ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ማውረዱ ከመጨመሩ ይከብዳል። ውጤቱ ኖራ ያስፈልጋል ካለ ፎል ጥሩ ጊዜ ነው፤ ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ወራት ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ለ1000 ስኩዌር ፊት ከ50 ፓውንድ በላይ አይበተንም፤ ከዚያ በላይ ካዘዙ በሁለት ዙር ነው።

ዉድብሪጅ_አባወራ | ሴፕቴምበር 7

እሺ፣ ይህንን ተቀብያለሁ። ዘንድሮ እልካለሁ።

አትላንታ_ክላርክስተን | ሴፕቴምበር 9

እኔም በዚህ ሳምንት ዘር ልበትን ተነሥቻለሁ። ሳሬ ቤርሙዳ ነው። ስንት ፓውንድ ይበቃኛል?

ዘር_መራጯ | ሴፕቴምበር 9

ቆይ! ቤርሙዳ ከሆነ ያንተ ነገር ተቃራኒ ነው። ቤርሙዳ ሀገር ቤት የምናውቀው ሰርዶ ነው። ሙቀት ይወዳል። ዘሩ የሚዘራው በስፕሪንግ መጨረሻና በሰመር መጀመሪያ ነው። አሁን ብትዘራው ሳይጠነክር ውርጭ ይመታዋል። ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያም አሁን አቁም፤ ሊተኛ ሲል አታባንነው፣ ለብርድ ይጋለጣል። ቡናማ ሲሆን አትደንግጥ፣ ተኝቶ ነው፣ ስፕሪንግ ላይ ሙቀቱ ሲመጣ ይነሣል።

ያንተ የፎል ሥራ ሁለት ነው። ቅጠል አይከመርበት። ስፕሪንግ ላይ ፖዋ የሚባለው ቀለሙ ፈዛዛ አረም ግቢህን የሚወርስ ከሆነ መከላከያው የሚበተነው አሁን ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ የሚበቅለው በፎል ስለሆነ። የጓሮህ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ያለው ሳር ፌስኪው ሊሆን ስለሚችል እሱን ለይ። እዚያ መዝራት ትችላለህ፣ መከላከያውን ግን ከዚያ አርቅ።

አትላንታ_ክላርክስተን | ሴፕቴምበር 9

ከኪሳራ አዳንሽኝ እህቴ። ከረጢቱን ልመልስ ነው።

ኦሮራ_ኮሎራዶ | ሴፕቴምበር 12

ከኮሎራዶ ለምታነቡ፦ እዚህ ሳራችን በብዛት ኬንታኪ ብሉግራስ ነው፣ ለመብቀል ከፌስኪው ይዘገያል፣ ሁለት ሳምንትም አራት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ዘር ያልበተነ ዛሬ ነገ አይበል። ከሁሉ በላይ ግን ስፕሪንክለራችሁን ከመጀመሪያው ጠንካራ ውርጭ በፊት በኮምፕረሰር አየር አስነፉ። ውኃ ቱቦው ውስጥ ከቀረ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። እዚህ ዊንተሩም ደረቅ ነው። በረዶ ሳይጥል ሳምንታት ካለፉ፣ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ በሆነ ቀን እኩለ ቀን ላይ በጎማ አጠጡት፣ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ። ብዙ ሰው ሳሬን ብርድ ገደለው ይላል፤ የገደለው ጥም ነው።

ሰሚራ_ታኮማፓርክ | ሴፕቴምበር 13

የአረሙን ነገር ማንም አላነሣውም። ልጆቼ ሳሩ ላይ ነው የሚውሉት። ባለፈው ፎል አንድ የሳር ድርጅት ቀጥረን ዘር በተኑልን፣ በዚያው ሳምንት አረም የሚገድል ማዳበሪያ ደርበው በተኑበት። አንድ ቡቃያ አልወጣም። ስጠይቃቸው ዝናብ ስላልጣለ ነው አሉኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ገንዘቡም አልተመለሰም።

ጋሽ_አትክልት | ሴፕቴምበር 13

ልጄ ሰሚራ፣ የዝናብ ጉዳይ አይደለም። አብዛኛው አረም ማጥፊያ ለቡቃያም ይደርሳል። ከረጢቱ ላይ ከዘር በፊትና በኋላ ስንት ሳምንት መጠበቅ እንዳለበት ይጻፋል፤ ያንን ሳያነብ የሚበትን ሰው የሰው ገንዘብ መንካት የለበትም።

ሌላው ነገር፣ አንቺም አዲስ ቤት የገባችውም ሞንትጎመሪ ካውንቲ ናችሁ። እዚያ ብዙዎቹን ኬሚካል የአረምና የተባይ መድኃኒቶች ለሳር ውበት ብሎ በግል ግቢ መርጨት ክልክል ነው። ያንቺ ከተማ ታኮማ ፓርክ ደግሞ ከካውንቲው ቀድማ በ2013 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥታለች። ስለዚህ ለእናንተ የአረም መድኃኒቱ ራሱ ሳሩ ነው። ፎል ላይ ጥቅጥቅ ካለ ክራብግራስ ስፕሪንግ ላይ የሚበቅልበት ብርሃን አያገኝም። ቁመቱንም ከ3 ኢንች አታውርዱት። አሁን ያለውን ሰፋፊ አረም ዝናብ ከዘነበ በኋላ በእጅ ንቀሉት፣ ከነሥሩ ይወጣል።

የታጨደውን ሳር ጎመን መደብ ላይ ለማልበስ የምትወስዱ ካላችሁ ደግሞ መድኃኒት ያልተረጨበት መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። አንዳንዱ አረም ማጥፊያ ሳሩ ላይ ቆይቶ ቃሪያውንና ቲማቲሙን ያጠወልጋል።

አዲስ_ቤት_ሲልቨርስፕሪንግ | ሴፕቴምበር 20

ኤሬሽኑን ጨረስን፣ ዘሩም ተበተነ። አንድ ጥግ ላይ ሬኩን ስስበው ግን ሳሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነሣ። ከሥሩ ምንም የለም። አፈሩ ውስጥ ነጫጭ፣ የተጠቀለሉ ትሎች አሉ። ምንድን ናቸው?

የአሌክሳንድሪያው | ሴፕቴምበር 20

ግራብ ይባላሉ፣ የጥንዚዛ እጭ ናቸው። ሥሩን በልተውት ነው ሳሩ የተነሣው። ያንን ጥግ በደንብ ቁጠሪው። አንድ ስኩዌር ፊት ቆርጠሽ ገልብጪ። ሁለት ሦስት ከሆኑ ጤነኛ ሳር ይችላቸዋል። አሥር ከደረሱ ችግር ነው። ለአንቺ ካውንቲ የተፈቀደውን ኤክስቴንሽኑን ጠይቂ፣ አፈር ውስጥ የሚገቡ ጥቃቅን ትሎች አሉ፣ ኔማቶድ የሚባሉ፣ ግራቡን የሚገድሉ። እነሱ የሚሠሩት አፈሩ እርጥብ ሲሆን ነው። የሞተውን ጥግ ግን አጽጂውና እንደ ባዶ መሬት ዝሪበት።

ዘር_መራጯ | ሴፕቴምበር 21

ውኃውን አትርሺ! አሁን ዋናው ሥራ እሱ ነው። ቡቃያው እስኪወጣ ላዩ አፈር መድረቅ የለበትም። በቀን አንዴ፣ ፀሐይ ካለ ሁለቴ፣ ጥቂት ጥቂት። ኩሬ አይሥራ። ብቅ ካለ በኋላ እያራራቅሽ፣ ግን ጠለቅ አድርገሽ፤ በመጨረሻ ከዝናቡ ጋር በሳምንት 1 ኢንች ይበቃዋል። መጀመሪያ የምታጭጂው 4 ኢንች ሲጠጋ ነው፤ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጪ፣ ስለቱም የተሳለ ይሁን። ያልተሳለ ስለት ቡቃያውን ከነሥሩ ይነቅለዋል።

አዲስ_ቤት_ሲልቨርስፕሪንግ | ኦክቶበር 18

በቅሏል! ጎንበስ ብዬ ሳየው ከኤሬሽኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ቀጭን ቀጭን እያለ በክምር በክምር ነው የወጣው። ከቀዳዳዎቹ ውጪ ያለው ሳሳ ይላል። አሁን ያስቸገረኝ የጎረቤቴ ትልቅ ኦክ ነው፣ ቅጠሉ ሁሉ እኔ ግቢ ነው የሚወድቀው። ልጥረገው? ቡቃያውን እንዳልነቅል ፈራሁ።

ጋሽ_አትክልት | ኦክቶበር 18

እሰይ! በክምር መውጣቱ አያሳስብሽ፣ እየሰፋ ይገጥማል። የሳሳውን ስፕሪንግ ላይ ታዪዋለሽ፤ ለዘንድሮ ግን ጊዜው አልፏል፣ አትጨምሪበት።

ቅጠሉ መነሣት አለበት። ቡቃያ ላይ እርጥብ ቅጠል ተነጥፎ ከከረመ ይበሰብሳል። ግን በብረት ሬክ አይሆንም። ብሎወሩን (ቅጠል በአየር የሚነፋውን ማሽን) ዝቅ ባለ ኃይል፣ ጤዛው ሲደርቅ። ቡቃያው ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጨደ በኋላ ደግሞ ማንሣትም ላያስፈልግ ይችላል፤ ቅጠሉ ስስ ከሆነ በማጨጃው ላዩ ላይ ሂጂበትና አድቅቂው። የደቀቀው ቅጠል በሳሩ መካከል ወርዶ አፈሩን ያለማል። ካጨድሽ በኋላ ሳሩ ከቅጠሉ በላይ በደንብ ከታየሽ በቂ ነው። ካልታየሽ በዝቷል፣ ሰብስቢው። ለጓሮ መደብሽም ይሆናል። ቦይ ውስጥ ግን አትጥረጊው፣ የዝናብ መውረጃውን ይደፍናል።

አዲስ_ቤት_ሲልቨርስፕሪንግ | ኖቬምበር 3

ጋሼ፣ ቁስቋም እየደረሰች ነው። ማዳበሪያው እንዴት ነው የሚለካው? የአፈር ምርመራው መጥቷል፣ ፎስፈረስ በቂ አለ፣ ፒኤቹም ደህና ነው ይላል።

የአሌክሳንድሪያው | ኖቬምበር 3

ጋሼ ይፍቀዱልኝና እኔ ልመልስ። ሜሪላንድ በ2011 ያወጣችው፣ ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ የማዳበሪያ ሕግ አለ። ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ባለቤት ሳሩ ላይ ማዳበሪያ መበተን አይችልም። ምክንያቱ ቼሳፒክ ቤይ ነው። ሳሩ ተኝቶ ሳለ የተበተነ ማዳበሪያ ታጥቦ እዚያ ይገባል፣ ዓሣውን ይጎዳል።

ልኩ፦ በአንድ ጊዜ ለ1000 ስኩዌር ፊት ከ0.9 ፓውንድ ናይትሮጅን በላይ አይፈቀድም። ከረጢቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው የናይትሮጅን ፐርሰንት ነው። 24 ካለ፣ 0.9ን ለ0.24 አካፍይ፤ 3.75 ፓውንድ ማዳበሪያ ይመጣል። ከዚያ በላይ አትበትኚ። ያንቺ ፎስፈረስ በቂ ስለሆነ መካከለኛው ቁጥር ዜሮ የሆነውን ግዢ። ድራይቭዌይና እግረኛ መንገድ ላይ የፈሰሰውን ጠርገሽ ወደ ሳሩ መልሺው። ከባድ ዝናብ በተነገረበት ቀን ወይም መሬቱ ከቀዘቀዘ በኋላ አይበተንም።

ጋሽ_አትክልት | ኖቬምበር 4

ጥሩ ብለሃል ልጄ። እኔ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው። ማጨዱን አታቁሙ፣ ሳሩ ማደጉን እስኪያቆም ድረስ፣ እዚያው 3 ኢንች ላይ። ረዝሞ በረዶ ከወደቀበት ይተኛና ሻጋታ ይይዘዋል። ዊንተር ላይ ውርጭ የያዘውን ሳር አትርገጡት፣ ልጆቹንም ንገሯቸው፤ ቅጠሉ ይሰበራል፣ የእግር ዱካው ቡናማ ሆኖ ይቆያል።

የውጪውን ቧንቧ ጎማ ከታንክስጊቪንግ በፊት ንቀሉት። ውኃውን ከውስጥ ዝጉና የውጪውን ከፍታችሁ አፍስሱት። የማጨጃውን ቤንዚን አቃጥላችሁ ጨርሱት ወይም ማቆያ መድኃኒት ጨምሩበት። ስለቱን ዊንተር ላይ አስሉት፤ ማርች ሲደርስ ሁሉም ሰው ስለሚሄድ ወረፋው ረጅም ነው።